ካሪየር ሴንተሩ ሥራ ካልሰጠ ምን ይሠራል?

የአንባቢ ደብዳቤ፦

ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ከተማ ነው፤ ወደዚህ አገር ከመጣሁ 16 ዓመት ሆኖኛል። ቀን በፓርኪንግ፣ ማታ በታክሲ እየሠራሁ ሦስት ልጆች አሳድጋለሁ። ትልቋ ልጄ ሁለት ዓመት በኖቫ (በሰሜን ቨርጂኒያ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ) ተምራ ባለፈው ጥር ወደ አንድ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ተዛውራ አካውንቲንግ እየተማረች ነው፤ ለመመረቅ ሦስት መንፈቀ ዓመት ይቀራታል። ለሰመር ኢንተርንሺፕ (የሥራ ልምምድ) ከ40 ለሚበልጡ ድርጅቶች በኢንተርኔት አመልክታ ከአንዱም መልስ አላገኘችም። ሚያዝያ ላይ ተማሪዎችን ስለ ሥራ ፍለጋ ወደሚያማክረው የዩኒቨርሲቲው ቢሮ፣ ወደ ካሪየር ሴንተር ብትሄድ ሬዙሜዋን አይተው ጥቂት አርመውላት «እኛ ሥራ አንመድብም» ብለው መለሷት። እኔ ስደውልላቸው ደግሞ ስለ ተማሪዋ ሊያነጋግሩኝ እንደማይችሉ ነገሩኝ፤ የትምህርት ክፍያውን የምከፍለው ግን እኔ ነኝ። አንድ ጓደኛዬ በሚሠራበት መጋዘን ለሚመጣው ሰመር ሊያስገባልኝ ቃል ገብቷል። እርሷ ደግሞ «ያለ ክፍያም ቢሆን በሙያዬ ልሥራ» ትላለች። መስከረም ላይ በትምህርት ቤቱ የሥራ አውደ ርዕይ አለ ተብሏል። አብሬያት ልሂድ? ይህ ቢሮ ሥራ የማይሰጥ ከሆነስ ለምን ተቋቋመ?

መልስ፦

ውድ ወንድማችን፣

ደብዳቤዎን ሁለት ጊዜ አነበብኩት፤ በሁለተኛው ዓይኔ ያረፈው «አንመድብም» በምትለው ቃል ላይ ነው። እርስዎ ይህን ቃል የሰሙት በአገር ቤት ጆሮ እንደሆነ ይገባኛል። በደርግ ዘመን ከዩኒቨርሲቲ የወጣ ተማሪ በመንግሥት ምደባ ወደ ሥራ ይላክ ስለነበር፣ ለእኛ ትውልድ ወላጆች ዲግሪና የሥራ ቦታ አብረው የሚመጡ ነገሮች ነበሩ። አሜሪካውያንም ቢሆኑ ከዚህ አስተሳሰብ እጅግ የራቁ አልነበሩም። እነዚህ ቢሮዎች ለብዙ ዓመታት ይጠሩ የነበረው «የምደባ ቢሮ» እየተባሉ ነው፤ የቢሮዎቹን ባለሙያዎችና ምሩቃንን የሚቀጥሩ ድርጅቶችን የሚያሰባስበው አገር አቀፍ ማኅበርም እ.ኤ.አ. በ1956 ሲቋቋም ስሙ «የኮሌጅ ምደባ ምክር ቤት» ነበር። እ.ኤ.አ. በ1995 ወደ «የኮሌጆችና የቀጣሪዎች ብሔራዊ ማኅበር» ሲለወጥ «ምደባ» የምትለዋ ቃል የወጣችው በአጋጣሚ አይመስለኝም፤ ቢሮዎቹ ተማሪን ቦታ ላይ ማስቀመጥን ትተው ተማሪና ቀጣሪ የሚገናኙበትን መንገድ ወደ ማመቻቸት ዞረው ነበርና። ስለዚህ ለልጅዎ የተነገራት ሐሰት አይደለም። እኔን ቅር ያለኝ ከዚያ ቀጥሎ ሊነገራት ይገባ የነበረው ነገር ሳይነገራት መመለሷ ነው።

እርስዎ የመጀመሪያውን የፓርኪንግ ሥራ እንዴት እንዳገኙት አልጻፉልኝም፤ ነገር ግን ቀድሞዎት እዚያ ይሠራ የነበረ አንድ ያገር ልጅ ስምዎን ለሱፐርቫይዘሩ ነግሮልዎት እንደሆነ ብገምት የምሳሳት አይመስለኝም። ፓርኪንጉም፣ ታክሲውም፣ የአየር ማረፊያውም ሥራ ለብዙዎቻችን የተከፈተው በዚህ መንገድ ነው። በሒሳብ ሙያም ቢሆን ነገሩ ያው ነው፤ የሚለየው የሚያስተዋውቀው ሰው ማንነት ብቻ ነው። ከልጅዎ አጠገብ የሚቀመጠው ተማሪ አጎቱ በኦዲት ድርጅት የሚሠራ፣ የእናቱ ጓደኛ የአንድ ኩባንያ ፋይናንስ ኃላፊ ልትሆን ትችላለች። እነርሱ በእሑድ ምሳ ላይ «ማመልከቻው በነሐሴ ይከፈታል፣ እገሌን ጠይቅ፣ ሬዙሜህ ላይ ይህን አውጣው» እያሉ በጨዋታ መካከል የሚነግሩትን ነገር፣ በእኛ ቤት ማንም የሚያውቀው የለም። ካሪየር ሴንተር በደንብ ሲሠራ፣ እንዲህ ዓይነት ዘመድ ለሌለው ተማሪ የዘመዱን ሥራ ይሠራል። ዘመድ ደግሞ ሥራ አይሰጥም፤ ወሬ ይሰጣል፣ ያስተዋውቃል፣ ያርማል፣ አንዳንዴም ይቆጣል።

ይህ በተግባር ሲታይ እንዲህ ነው። ቀጣሪዎች ሁሉንም ዩኒቨርሲቲ እኩል አይመለከቱም፤ በየዓመቱ የሚመላለሱባቸው፣ ምሩቃኖቻቸው አስቀድመው የገቡላቸው ትምህርት ቤቶች አሏቸው። ከእነዚህ ቀጣሪዎች ጋር የሚጻጻፈው፣ አዳራሽ የሚይዝላቸው፣ የመግለጫ ምሽት የሚያዘጋጅላቸው ካሪየር ሴንተሩ ነው። ቢሮው የሥራ ማስታወቂያዎችን የሚያወጣው አብዛኛውን ጊዜ ሃንድሼክ በሚባለው መድረክ በኩል ነው፤ ይህ መድረክ እ.ኤ.አ. በ2014 በሚሺጋን ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ተጀምሮ ዛሬ ከ1,000 በላይ ኮሌጆችና ዩኒቨርሲቲዎች የሚጠቀሙበት ነው። ለሁሉም ክፍት በሆነ ድረ ገጽ ላይ የወጣን ማስታወቂያ መላው አገር ያመለክትበታል፤ በሃንድሼክ ላይ ግን ቀጣሪው ማስታወቂያውን ሲለጥፍ የትኞቹ ትምህርት ቤቶች እንዲያዩት እንደሚፈልግ ሊመርጥ ይችላል። ልጅዎ የላከቻቸው 40 ማመልከቻዎች በየትኛው በር እንደገቡ ባላውቅም፣ ትምህርት ቤቷን በስም መርጠው ለጠየቁ አሥር ቀጣሪዎች ቢሆን ኖሮ ዝምታው እንዲህ የከፋ አይሆንም ነበር ብዬ አምናለሁ።

ሌላው ነገር ጊዜው ነው፤ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። ሚያዝያ ላይ ለሚመጣው ሰኔ የሒሳብ ኢንተርንሺፕ መፈለግ፣ በትንሣኤ ማግስት ለትንሣኤ በግ ለመግዛት ገበያ እንደመውጣት ነው። ትልልቆቹ የኦዲትና የታክስ ድርጅቶች ለአንድ ሰመር የሚፈልጓቸውን ተማሪዎች የሚመርጡት ሰመሩ ከመድረሱ ዓመት ያህል ቀድመው፣ አንዳንዴም ከዚያ በፊት ነው። እንዲያውም ብዙዎቹ ገና ሁለተኛ ዓመት ላይ ያሉ ተማሪዎችን በሰመር ለጥቂት ቀናት ጠርተው ያስጎበኛሉ፤ የኢንተርንሺፕ ቦታውንም በአብዛኛው ለእነዚያው ይሰጣሉ። ልጅዎ በዚያ ጊዜ ኖቫ ነበረች። ከኮሚዩኒቲ ኮሌጅ መጀመር ለቤተሰብ ኪስ ትልቅ እፎይታ ስለሆነ ውሳኔያችሁን ደግ ውሳኔ ነው የምለው፤ ነገር ግን ተዛውሮ የሚመጣ ተማሪ ሌሎቹ ለሁለት ዓመት የተለማመዱበትን ቢሮ፣ መምህራንና ቀጣሪዎች በአንድ መንፈቀ ዓመት ውስጥ መተዋወቅ ይጠበቅበታል፤ ይህንንም የሚነግረው ሰው አያገኝም። እኔ ራሴ በተማሪነቴ ወደ እንዲህ ያለ ቢሮ የገባሁት ልመረቅ ሦስት ሳምንት ሲቀረኝ ነበርና፣ ልጅዎ ሦስት መንፈቀ ዓመት ቀርቷት መሄዷን እንደ መዘግየት አልቆጥረውም።

አሁን ያለችበት ጊዜ፣ ማለትም የበልጉ ትምህርት አልፎ አዲሱ የትምህርት ዓመት ሲጀምር፣ ከሁሉም የተሻለው ነው። ከትልልቆቹ ድርጅቶች የተወሰኑት በራቸውን ዘግተው ሊሆን ይችላል። ነገር ግን መካከለኛና አነስተኛ የሒሳብ ድርጅቶች፣ የክፍለ አገርና የካውንቲ መሥሪያ ቤቶች፣ ሆስፒታሎችና በጎ አድራጎት ድርጅቶች ዘግይተው ይቀጥራሉ፤ ብዙዎቹም እስከ የካቲትና መጋቢት ድረስ ይፈልጋሉ። አንድ ተጨማሪ ዕድልም አለ፦ የታክስ ሥራ የሚጦፈው ከጥር እስከ ሚያዝያ ስለሆነ፣ አንዳንድ የሒሳብ ድርጅቶች ለእነዚያ ወራት ብቻ ተለማማጅ ይቀጥራሉ፤ ልጅዎም ትምህርቷን በዚያ መንፈቀ ዓመት ቀለል አድርጋ መያዝ ከቻለች ሰመርን መጠበቅ አያስፈልጋትም። እነዚህ ሥራዎች በአብዛኛው የሚከፈልባቸው ናቸው።

ወደ ቢሮው ተመልሳ ስትሄድ መጀመሪያ ልታጣራው የሚገባት የሄደችበት ቢሮ ትክክለኛው መሆኑን ነው። በብዙ ትልልቅ ዩኒቨርሲቲዎች የመላው ዩኒቨርሲቲ ካሪየር ሴንተር ሌላ፣ የቢዝነስ ትምህርት ቤቱ የራሱ ቢሮ ደግሞ ሌላ ነው፤ የሒሳብ ቀጣሪዎችን በስማቸው የሚያውቋቸው ሁለተኛዎቹ ናቸው። ቀጥሎም «ሬዙሜዬን እዩልኝ» ብላ ከመግባት ይልቅ ጥያቄ ይዛ ትግባ፦ ባለፈው ዓመት ከአካውንቲንግ ተማሪዎች ኢንተርን የወሰዱት የትኞቹ ድርጅቶች ናቸው? ከመካከላቸው ተዛውረው የመጡ ተማሪዎችን የወሰዱትስ? ከትምህርት ቤቱ ተመርቀው እዚያ የሚሠሩና ተማሪ ለማነጋገር ፈቃደኛ የሆኑ ሰዎች አሉ? አማካሪው እነዚህን ሲጠየቅ ኮምፒዩተሩን ከፍቶ መፈለግ ይጀምራል፤ ሬዙሜ ብቻ ሲሰጠው ግን ኮማ ያርማል። በዚህ አልፈርድበትም፤ አንድ አማካሪ በመቶዎች የሚቆጠሩ ተማሪዎችን የሚያይበት ቢሮ ብዙ ነውና፣ በሁለተኛው ወር ስሟን ሳይጠይቅ የሚያስታውሳት ደጋግማ የምትመጣውን ተማሪ ነው። በዚህ መንፈቀ ዓመት ውስጥ አራት ጊዜ ብትሄድ አይበዛባትም፤ ከአራቱ አንዱ ደግሞ የልምምድ ቃለ መጠይቅ መሆን አለበት።

ስለ ልምምዱ አጥብቄ የምናገረው የእኛን ልጆች የሚጎዳቸው እዚያ ላይ ስለሆነ ነው። ራስን ማሞገስ ነውር ነው ብለን አሳድገናቸዋል፤ በታላቅ ሰው ፊት ዓይን ሰበር ማድረግን አስተምረናቸዋል፤ የሠሩትን ሥራ «ሠራን» እንጂ «ሠራሁ» አይሉም። እኔ ይህን አስተዳደግ አልንቀውም። ነገር ግን ጠያቂው «አንድ አስቸጋሪ ሁኔታ ገጥሞሽ እንዴት እንደተወጣሽው ንገሪን» ሲላት የሚጠብቀው ሁኔታው ምን እንደነበር፣ እርሷ በተለይ ምን እንዳደረገችና ምን ውጤት እንደተገኘ በቅደም ተከተል ስትናገር መስማት ነው፤ ለዚህ ደግሞ ልምምድ ካልሆነ በቀር መድኃኒት የለውም። በልምምዱ ቃለ መጠይቅ ላይ ድምፅዋ ሲያንስ አማካሪው ሊነግራት ይችላል፤ በእውነተኛው ላይ ግን ማንም አይነግራትም።

ሬዙሜውም የዚሁ ነገር ቅጥያ ነው። አሜሪካ ውስጥ ለተማሪ አንድ ገጽ ይበቃል፤ አገር ቤት እንደለመድነው የትውልድ ዘመን፣ የጋብቻ ሁኔታና ፎቶ አይገባበትም። ሊገባ ሲገባው የሚቀረው ግን ብዙ ነው። ከስንት ዓመቷ ጀምሮ ነው የእርስዎን ደብዳቤዎች የምታነብልዎት? የታክሲዎን ወጪና ገቢ በየወሩ የሚመዘግበው ማነው? በዚህ ከተማ ውስጥ ካየኋቸው ቤተሰቦች ተነስቼ ብገምት መልሱ «እርሷ» ነው። በግል የሚሠራ አባት የገቢና ወጪ መዝገብ ለሁለት ዓመት የያዘች፣ የአጎቷን ሱቅ ካሽ መዝጊያ ሰዓት ላይ የቆጠረች ልጅ «የሥራ ልምድ የለኝም» ብላ ባዶ ገጽ ስትልክ ያሳዝነኛል። ተማሪ ሆና በሳምንት ስንት ሰዓት እንደምትሠራም በቁጥር ትጻፈው፤ 20 ሰዓት እየሠራች ጥሩ ውጤት መያዟ ለቀጣሪ ብዙ ይናገራል። አማርኛ መናገሯንም አትደብቀው።

አማርኛዋ በቀጥታ የሚያገለግልበት ቦታ ስላለ ጠቅሼው ልለፍ። የፌዴራሉ የገቢ መሥሪያ ቤት የሚደግፈውና ቪታ ተብሎ የሚጠራው ፕሮግራም፣ ገቢያቸው አነስተኛ ለሆነና እንግሊዝኛ ለሚቸግራቸው ሰዎች ታክሳቸውን በነፃ የሚሠሩ በጎ ፈቃደኞችን ያሠለጥናል፤ ፈተናውን ያለፈ ሰው የምስክር ወረቀት አግኝቶ ከጥር መጨረሻ እስከ ሚያዝያ አጋማሽ ያገለግላል። የሦስተኛ ዓመት የአካውንቲንግ ተማሪ ለዚህ ትበቃለች። ለቀጣሪ ደግሞ «አንድ የታክስ ወቅት ሙሉ የሰዎችን ታክስ ሠርቻለሁ» ከሚል መስመር የተሻለ መስመር ለተማሪ ሬዙሜ አላውቅም። ሥልጠናው የሚጀምረው ክረምቱ ሲገባ በታኅሣሥና በጥር አካባቢ ስለሆነ ከአሁኑ ትጠይቅ።

ቢሮው አላነጋግርዎትም ማለቱን በክፋት አይውሰዱት። እ.ኤ.አ. በ1974 የወጣው ፈርፓ የተባለው የፌዴራል ሕግ፣ ልጁ ኮሌጅ ሲገባ የትምህርት መዝገቡን መብት ከወላጅ ወደ ተማሪው ያዞረዋል፤ ከፋዩ ማን መሆኑ ይህን አይለውጠውም። በታክስ ላይ ጥገኛ አድርገው ካስመዘገቧት ትምህርት ቤቱ መረጃ እንዲሰጥዎ ሕጉ ይፈቅድለታል እንጂ አያስገድደውም። ይልቅስ ማታ ከታክሲ ሲመለሱ እርሷኑ ይጠይቋት፤ «ሥራ አገኘሽ?» ብለው ሳይሆን «ዛሬ ማንን አነጋገርሽ?» ብለው። የመጀመሪያው ጥያቄ አንድ ዓመት ሙሉ «አላገኘሁም» ተብሎ የሚመለስ ነው፤ ሁለተኛው ግን በየሳምንቱ መልስ ይኖረዋል።

ስለ መጋዘኑ፦ የጓደኛዎን ቃል አልንቅም፤ ሰመር ላይ የሚገኘው ደመወዝ የመጽሐፍና የቤት ኪራይ ወጪ እንደሚሸፍን አውቃለሁ። ልጅዎም ያለ ክፍያ ልሥራ ማለቷ ትክክል አይመስለኝም። ለትርፍ የሚሠራ ድርጅት ተለማማጅን ያለ ክፍያ ማሠራት የሚችለው ከልምምዱ ይበልጥ የሚጠቀመው ተማሪው ራሱ ሲሆን ነው፤ የሠራተኛ ጉዳይ መሥሪያ ቤቱ እ.ኤ.አ. በ2018 ያወጣው መመዘኛ ይህንኑ የሚመረምሩ ሰባት ነጥቦች አሉት። ደረሰኝ እየደረደረች፣ ስልክ እያነሳች ውላ የምትመጣ ከሆነ ያ ሥራ ነው፤ ሥራ ደግሞ ይከፈልበታል። «ለትምህርት ክሬዲት ይቆጠርልሻል» ከተባለችም ክሬዲቱ በሰመር የትምህርት ክፍያ እንደሚገዛ አትርሱ፤ ለመሥራት መክፈል ይሆናል ማለት ነው። አንዳንድ ዩኒቨርሲቲዎች ክፍያ የሌለው ኢንተርንሺፕ ላገኘ ተማሪ የገንዘብ ድጋፍ ስለሚሰጡ፣ ይህን ሳትጠይቅ አትቀበል። የእኔ ሐሳብ እስከ የካቲት መጨረሻ ድረስ የሚከፈልበት ኢንተርንሺፕ እንድትፈልግ፣ የጓደኛዎንም ቃል እንደ መጠባበቂያ እንድታቆዩት ነው። እስከዚያው ሃንድሼክ ላይ የዩኒቨርሲቲውን የግቢ ውስጥ ሥራዎች ትመልከት። የፌዴራል ወርክ ስተዲ ድጋፍ (ተማሪው እየሠራ የሚያገኘው የመንግሥት የትምህርት እርዳታ) ከተፈቀደላትና በተማሪዎች ክፍያ ቢሮ ወይም በአንድ ክፍል የበጀት ጽሕፈት ቤት ከገባች፣ በሳምንት 12 ሰዓትም ቢሆን፣ ሙያዋ ነው።

እዚህ ላይ ማስጠንቀቅ ያለብኝ አንድ ነገር አለ። ለተማሪዎች የትምህርት ቤት ኢሜይል «ከቤት ሆነሽ የምትሠሪው የረዳትነት ሥራ» እያሉ የሚጽፉ አጭበርባሪዎች ቼክ ይልኩና ከፊሉን ለዕቃ መግዣ ወደ ሌላ ሰው አስተላልፊ ይላሉ፤ ባንኩ ገንዘቡን ለጊዜው ያሳይና ቼኩ ሐሰት መሆኑ ሲታወቅ ዕዳው በተማሪዋ ላይ ይወድቃል። በሥራ ስም ቼክ ቀድሞ የሚልክ እውነተኛ ቀጣሪ የለም። እንዲህ ያለ መልእክት ሲመጣ ለካሪየር ሴንተሩ ማሳየት ነው፤ የአብዛኞቹን መልክ ያውቁታል።

(ይህን የምታነቡ፣ ከአገር ቤት በተማሪ ቪዛ የመጣችሁ ልጆች፣ ለእናንተ የካሪየር ሴንተሩ ቃል ብቻ አይበቃም። ከግቢ ውጭ ያለ ማንኛውም ኢንተርንሺፕ፣ ክፍያ የሌለውም ቢሆን፣ ከመጀመራችሁ በፊት የውጭ ተማሪዎች ቢሮ ጋር ቀርባችሁ ፈቃድ አስፈልጎ እንደሆነ ጠይቁ፤ ሲፒቲ የተባለውን በትምህርት ላይ ሳላችሁ በሙያችሁ የመሥራት ፈቃድ በሙሉ ሰዓት 12 ወር ከተጠቀማችሁበት በዚያው የትምህርት ደረጃ ከምረቃ በኋላ የሚሰጠውን ኦፒቲ የተባለ የሥራ ፈቃድ ታጣላችሁ።)

አብሬያት ልሂድ ወይ ብለዋል። የሥራ አውደ ርዕዩ አዳራሽ ውስጥ ቀጣሪዎች ከጠረጴዛ ኋላ ቆመው ተማሪው ራሱ ሄዶ እንዲጨብጣቸው ይጠብቃሉ፤ አባት ከጎን ሲቆም፣ ይቅር ይበሉኝና፣ ጥያቄው ሁሉ ወደ አባት ይዞራል። ስለዚህ ወደ ውስጥ አይግቡ። የሚያስፈልጋት ሌላ ነገር ነው፦ በዚያ ቀን ሺፍቷን የሚሸፍንላት፣ ታናናሾቿን ከትምህርት ቤት የሚያመጣላትና ሬዙሜዋን በአሥራ አምስት ቅጂ አትሞ የሚያዘጋጅላት ሰው። የሚለበስ ልብስ ከቸገረ ብዙ ካሪየር ሴንተሮች ለቃለ መጠይቅ የሚሆን ልብስ በነፃ ወይም በውሰት ይሰጣሉና ሳታፍር ትጠይቅ። የግቢው ፓርኪንግ በእንደዚያ ቀን እንደሚጨናነቅ ለእርስዎ መንገር ለቀባሪው ማርዳት ይሆናል፤ በታክሲዎ እስከ አዳራሹ በር አድርሰዋት፣ ስትጨርስ እንድትደውልልዎ ነግረዋት ወደ ሥራዎ ይሂዱ።